ቡጋንቪሊያ እና የደብረ ታቦር ውርጭ

ከደብረ ታቦር አንዲት አያት ጽፈውልናል። ባሕር ዳር የምትኖር ልጃቸው ሁለት ጊዜ የቡጋንቪሊያ ችግኝ አምጥታላቸው ነበር። ሁለቱም በመስከረም አምረው ታዩ፤ በታኅሣሥ ግን የፈላ ውኃ የተደፋባቸው ይመስል ጠቁረው ቀሩ። በጥር ነቅለው ጣሏቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ሦስተኛ ልትከል ወይስ ይቅርብኝ?»

ይትከሉ እንላለን፤ አተካከሉ ግን እንደ ባሕር ዳር አይሆንም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን አየሩን በአማካይ አምስት ስድስት ዲግሪ ያወርደዋል። ቡጋንቪሊያ ደግሞ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነ የሙቅ አገር ተክል ነው። ብርድ ይችላል፤ ውርጭ ግን ለጋውን ያቃጥለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር አለ። ቅጠሉ ጠቆረ ማለት ተክሉ ሞተ ማለት አይደለም። ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ካለ በሕይወት ነው። ላዩ ሁሉ ደርቆም ሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ስለዚህ በጥር አትንቀሉ፣ አትግረዙም። የደረቀው ቅርንጫፍ ከሥሩ ላለው እንደ ልብስ ነው። ብርዱ አልፎ መጋቢት ሲገባ ቡቃያው ከየት እንደሚወጣ ታያላችሁ፤ የሞተውን ያኔ ቁረጡት።

ቦታ ምርጫ ከሁሉም ይበልጣል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለችና ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ፈልጉ። ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልሳል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚፈስ ከግቢያችሁ ዝቅ ያለውን ጥግ ተዉት። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ቡጋንቪሊያ ቅጠል እንጂ አበባ አያሳያችሁም።

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል። መደቡን ከፍ አድርጉ፤ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅሉበት።

ችግኝ ከሩቅ ማስመጣት የግድ አይደለም። ጎረቤት ካለው በየካቲት ወይም በመጋቢት እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው፣ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ይለምኑ። ቅጠሉን አራግፈው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አሸዋ በበዛበት አፈር ይትከሉት፤ ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩን አይርሱ። ጥላ ውስጥ ሆኖ አፈሩ ረጠብ ካለ በሁለት ሦስት ወር ሥር ይሰድዳል። የመጀመሪያውን ብርድ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ይለፈው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ቤት ይግባ። ወደ መሬት የሚወርደው በሚቀጥለው ግንቦት ነው። ያኔ እስከሚቀጥለው ውርጭ ድረስ ግማሽ ዓመት ያህል አለው። ሥሩ ስስ ስለሆነ ጀሪካኑን በጎን ቀዱት እንጂ ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት።

መሬት ከገባም በኋላ ለሁለት ሦስት ዓመት እገዛ ይፈልጋል። ሥሩን ገለባ አልብሱት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ያለበት ምሽት ውርጭ ያመጣልና ጆንያ ወይም አሮጌ ጋቢ ጣል አድርጉበት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ አንሱለት። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው አይረባም።

ዩሪያ አታብዙበት፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል። በበጋ ውኃ ሲጠጣ በደንብ ይጠጣ፤ ቀጥሎ አፈሩ እስኪደርቅ ጠብቁ። ትንሽ መጠማት ነው አበባውን የሚያስወጣው።

አበባ ስንል፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ የምናየው በእርግጥ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ ከመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ለልጅ ልጆቻችሁ ፈልቅቃችሁ አሳዩአቸው። ታሪኩንም ይወዱታል፦ ፊሊቤር ኮመርሶን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ይህን ተክል በ1767 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ሰበሰበና በመርከብ ጉዞው መሪ በቡጋንቪል ስም ሰየመው። ረዳቱ ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሴት በመርከቡ ላይ አይፈቀድም ነበርና እንደ ወንድ ለብሳ ነው የተሳፈረችው። ዓለምን እንደዞረች የምትታወቅ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ወደ ጉና የምትቀርቡ፣ የክምር ድንጋይና የነፋስ መውጫ ሰዎች፣ በእኛ አስተያየት ለአጥራችሁ ጽጌረዳ ይሻላችኋል። ቡጋንቪሊያ ካማራችሁ በጀሪካን ይኑር።

እሾሁን በተመለከተ፣ ሕፃናት ኳስ ከሚጫወቱበትና ከመግቢያ በር አርቃችሁ ትከሉት። የወጋውን ልጅ በውኃና በሳሙና እጠቡት፤ እሾሁ ውስጥ ከቀረ ወይም ቁስሉ ካበጠ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም አስታውሱ። ስትገርዙ ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ የቆረጣችሁትንም ሣር ላይ አትተዉት፣ ደርቆም ይወጋል።