«ኦርጅናል ነው» የሚለው ቃል ደረሰኝ ላይ ይጻፍ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ለአሮጌ ቶዮታ የሚሆን ቴርሞስታት ጠፍቶ አያውቅም። ራዲያተሩም፣ ማኒኮቶውም፣ ታፓውም፣ የውሃ ፓምፑም ሞልቷል። የጠፋው ዕቃው ከየት እንደመጣና እንደሚሠራ በኃላፊነት የሚናገር ሰው ነው። ገዢው «ኦርጅናል ነው?» ይላል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ይላል። ጉዳዩ በዚህ ያልቃል። ደረሰኝ ከተቆረጠም ላዩ ላይ የሚጻፈው «የመኪና ዕቃ» የሚል ብቻ ነው።

ተራ የገበያ ቅሬታ ይመስላል። አይደለም። የማይረባ የበር እጀታ የገዛ ሰው ጉዳቱ እጀታው ላይ ያበቃል። በወቅቱ የማይከፈት ቴርሞስታት የገዛ ግን ሞተሩን ያጣል። የዲኤክስ ኮሮላ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይበላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ወሬ ሞተር ስለማውረድ ነው። መኪናው የዕለት እንጀራው ለሆነ ሹፌር ደግሞ ወጪው የጥገናው ብቻ አይደለም፤ ጋራዥ የቆመበት እያንዳንዱ ቀንም ይቆጠራል።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ የሥራ ሙቀት ደግሞ ለዚህ በጣም የቀረበ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ታፓ ነው። 0.9 የሚል የተጻፈበት ታፓ ግፊቱን በትክክል ከያዘ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ሞላው የደከመ ወይም ጎማው ያልገጠመ ታፓ ግን ይህን ሁሉ መጠባበቂያ ያሳጣል። ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። የአባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲጀምር ይታወቃል።

ጋራዦችም ከነቀፋው ድርሻቸውን ይውሰዱ። «ለእኛ አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ መጣል የተለመደ ሆኗል። መካኒኩ ይህን የሚያደርገው ከስንፍና ብቻ አይደለም፤ ገበያ ላይ ያለውን ዕቃ ስለማያምን ነው። ተዘግቶ ከሚቀር ቴርሞስታት ምንም አለመኖሩ ይሻላል ብሎ ያሰላል። ስሌቱ ግን ግማሽ ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ያበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል። ቴርሞስታታቸው ሲከፈት የመመለሻውን መስመር ጭምር እንዲዘጋ ተደርገው በተሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ማውጣቱ ተቃራኒ ውጤት ያመጣል፤ የሞቀው ውሃ በከፊል በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ እንዳይሞቅ ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ያሞቀዋል።

«ኦርጅናሉ ውድ ነው፤ ድሃው ምን ያድርግ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ አለ። መልሱ ሁሉን ዕቃ በኦርጅናል ዋጋ መግዛት አይደለም። ያገለገለ የሚገዛበትንና የማይገዛበትን መለየት ነው። ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ የድሮ ራዲያተር በስታኞ ይበየዳል፣ ውስጡ ይጸዳል። ስለዚህ ያገለገለ ጥሩ የመዳብ ራዲያተር ማንነቱ ካልታወቀ አዲስ የአልሙኒየምና የፕላስቲክ ራዲያተር ሊሻል ይችላል። ማኒኮቶ፣ ታፓ፣ ቴርሞስታትና የውሃ ፓምፕ ግን ያገለገለ አይገዛም። ጎማቸው፣ ሞላቸው ወይም ኩሽኔታቸው ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው በዓይን አይታይም።

ቴርሞስታት ቢያንስ ቤት ውስጥ ይፈተሻል። ድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ማሞቅ ነው። ላዩ ላይ 82 የሚል ከተጻፈበት ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ድስቱ ፈልቶም ምንም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ሻጩ ይመለስ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት 95 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ በድስት ሙሉ መከፈታቸውን ማየት አይቻልም። ግማሽ መከፈቱ ብቻ ዕቃው ተበላሽቷል አያሰኝም።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ገዢ ድስት ጥዶ የገበያውን እምነት እንዲፈትሽ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «ኦርጅናል ነው» ተብሎ በአፍ የተነገረው ነገር መረጃ የሚሆነው ሲጻፍ ነው። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ቁጥር፣ የተሠራበት አገርና የመመለሻ ቀን ይኑር። ቻይና ከሆነ ቻይና ይባል፤ ነውር የለውም። ጥሩ የቻይና ዕቃ አለ። ነውሩ የአንዱን ካርቶን ለሌላው ማልበስ ነው። ቸርቻሪው «እኔም ካስመጪው እንደዚሁ ነው የተቀበልኩት» የሚል ከሆነ እሱም ካስመጪው የተጻፈ ነገር ይጠይቅ።

ጉዳዩ ሊቆይ የሚችል አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለማይችለው ሰው የሚቀረው ያለውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ነው። አዲስ እንዳይገባ ያደረገ አገር ያለው እንዲቆይ የሚያስችለውን ዕቃ በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ነበረበት።

እስከዚያው ግን ሥራው የገዢው ነው። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ሳይጥል ቁጥሩን ይዞ ገበያ ይውጣ፤ መካኒኩም ያወጣውን ያሳየው። ሻጩን ደግሞ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ብቻ አይመለስ፤ «እንግዲያው ጻፍልኝ» ይበለው። የሚጽፈው ዘንድ ይገዛል፤ የማይጽፈውን አልፎ ይሄዳል። ሞተሩ ካፈላ በኋላ ሶማሌ ተራ ሄዶ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።