የማይራመደውን ማን ያወጣዋል?

ዛሬ ሌሊት ቤታችሁ ውስጥ እሳት ቢነሳ በራሱ እግር መውጣት የማይችለው ማን ነው? ጨቅላው ልጅ ነው? አልጋ ላይ ያሉት አያት ናቸው? እነሱን የሚያወጣውስ ማን እንደሆነ ተነጋግራችኋል?

ጥያቄውን ያስነሳብን የአሜሪካዋ ሴናተር የታሚ ዳክወርዝ ታሪክ ነው። ሴናተሯ ቀድሞ የኢሊኖይ ናሽናል ጋርድ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበሩ። ይህ ሠራዊት ጦርነት ሲመጣ ይዘምታል፤ ጎርፍና ማዕበል ሲመጣ ደግሞ የግዛቱ አገረ ገዥ ይጠራውና ሕዝብ ያድናል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2004 ኢራቅ ውስጥ ሄሊኮፕተራቸው በሮኬት ተመታ። ሁለት እግራቸውን አጡ፤ ቀኝ ክንዳቸውም ክፉኛ ተጎዳ። ባልደረቦቻቸው የሞቱ መስሏቸው ነበር። ቢሆንም ጥለዋቸው አልሄዱም፤ ተሸክመው አወጧቸው። በሕይወት የተረፉትም በዚህ ነው።

በ2006 ለምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ2012 ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2016 ደግሞ ለሴኔት ተመረጡ፤ በሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴም ይሠራሉ። በ2018 ሥልጣን ላይ እያሉ የወለዱ የመጀመሪያዋ ሴናተር ሆኑ። በሴኔቱ ድምፅ ለመስጠት በአካል መገኘት ግድ ነው፤ ሕፃን ይዞ ወደ አዳራሹ መግባት ግን አይፈቀድም ነበር። ሴኔቱ ደንቡን ለወጠ፤ እሳቸውም በማግስቱ የ10 ቀን ልጃቸውን ታቅፈው ድምፅ ሰጡ። በዚያው ዓመት፣ ትልልቅና መካከለኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለሚያጠቡ እናቶች ክፍል እንዲያዘጋጁ የሚያዘው ያቀረቡት ሐሳብ ሕግ ሆነ።

ደንብ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛና እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ መራመድ የማይችለውና ልጅ የታቀፈችው ይረሳሉ። የቤት ውስጥ ዝግጅትም ከዚህ አይለይም። እቅዱ ከደካማው ከተጀመረ ብርቱው መውጫ አያጣም፤ ከብርቱው ከተጀመረ ግን ደካማው ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቡና ሲፈላ አራት ነገር ተነጋገሩ። አያትን ማን ይይዛል? ሕፃኑንስ? ያ ሰው ቤት ከሌለ ተተኪው ማን ነው? የብረት በሩ ቁልፍ በጨለማም የሚገኝበት ቦታ የት ነው? የአያት ምርኩዝ፣ መነጽርና መድኃኒት ከአልጋቸው አጠገብ ናቸው? ከወጣችሁ በኋላስ የት ትገናኛላችሁ?

ስትነጋገሩ የቤት ሠራተኛችሁንም አስቀምጧት። ቀን ቀን ከልጆቹና ከአያት ጋር የምትውለው እሷ ናት፤ እቅዱን ካላወቀች እቅድ የላችሁም። ልጆቹም ይስሙ፤ አንድ ቀን አብራችሁ ሞክሩት፤ ከአልጋ እስከ ግቢ በር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ቁጠሩ። አያት ትንሽ ቢስቁባችሁም አይከፋም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ያስተማሩን እሳቸው ናቸውና።