ሕፃን በአውቶሞቢል ሲሄድ

ሕፃን በእናቱ ክንድ ታቅፎ ሳለ ከክፉ ነገር ሁሉ የተጠበቀ ይመስላል። በቤት ውስጥና በእግር መንገድ ይህ አሳብ እውነት ነው፤ በአውቶሞቢል ግን ብዙ ወላጆችን አታሏል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አውቶሞቢል ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ያህል ከብዶ ወደ ፊት ይወረወራል። ይህን ይዞ የሚያስቀር ክንድ ከወዴት ይገኛል? እናቲቱም በቀበቶ ያልታሰረች እንደ ሆነ፥ በገዛ አካልዋ ልጅዋን ትጫነዋለች።

በዚህ ነገር በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት የሆነው ሕግ ለሚያወጡ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ሮበርት ሳንደርስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ብዙ ከደከሙ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልዩ መቀመጫ ታስሮ እንዲሄድ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ ከአሜሪካ ግዛቶችም የመጀመሪያው ሆነ። ዳሩ ግን በታላቅ ሰው ክንድ የታቀፈ ልጅ ከዚህ ነጻ ነው የሚል ቃል ገባበት። ቃሉ የርኅራኄ መስሎ ገብቶ፥ ሕጉ ሊከለክለው የወጣውን ነገር ራሱን ፈቀደ። የተሰረዘውም በ1981 ዓ.ም. ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተዋል።

በኢትዮጵያ በከተማ የሚወለድ ሕፃን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ በአውቶሞቢል የሚሄደው ከሐኪም ቤት ሲወጣ፥ ቀጥሎም ወንዱ በ40 ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና ሲወሰዱ ነው። በዚያ ቀን አውቶሞቢሉ በዘመድ ይሞላል፤ ሕፃኑም ከክንድ ወደ ክንድ ይተላለፋል። የንስሐ አባት ቀኑን ሲቀጥሩ ስለ መቀመጫው አንድ ቃል ቢጨምሩ፥ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉ። በታክሲ ተጨናንቆ ለሚሄደው ሕዝብ ምክሩ ገና ሩቅ ነው፤ የመንግሥት አውቶሞቢል የተሰጠው ሹም ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

የሕፃን ራስ የቁመቱ አራተኛ እጅ ያህል ነው፤ የታላቅ ሰው ግን ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። አንገቱም ገና አልጠናም። ስለዚህ ሕፃን ፊቱን ወደ አውቶሞቢሉ ኋላ አዙሮ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ግጭት ሲመጣ ራሱን፥ አንገቱንና ጀርባውን መቀመጫው በአንድነት ይቀበላቸዋልና። በስዊድን ቤርቲል አልድማን የተባሉ ሊቅ በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን ካሳዩ ወዲህ፥ በዚያ አገር ብዙ ልጆች እስከ 4 ዓመት ድረስ እንዲሁ ይሄዳሉ። እግሩ ታጠፈ ብሎ ልጁን ቶሎ ወደ ፊት ማዞር አይገባም፤ የታጠፈ እግር አይጐዳውም። ካደገም በኋላ ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ያስፈልገዋል።

ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረው መቀመጫ ኤርባግ በሚሠራበት በፊተኛው ስፍራ ከቶ አይቀመጥም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ይገድላልና። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰርም ቀበቶውን ያላላዋል፤ አስቀድሞ ይታሰር፥ ጋቢው ከላይ ይደረብለት። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው አሮጌ መቀመጫም በላዩ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ካለፈ፥ ወይም ግጭት አይቶ እንደ ሆነ፥ ለልጅ አይሰጥም።