«ብዙ ጊዜ» ማለት ስንት ጊዜ ነው?

ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ፈልጎ ኢቭሑን የሚጀምር ተማሪ ከፊቱ ቅጽ ይቀመጥለታል። ቀጠሮ ትረሳለህ? የጀመርከውን ትጨርሳለህ? መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ በጭራሽ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ። የሚለካው በዕብራይስጥ «ቲፍኩዲም ኒሁሊዪም» የሚሉት ነው፤ ማቀድ፣ ሥራ መጀመር፣ ነገርን በአእምሮ ይዞ መሥራት፣ ችኮላን መግታት። በአጭሩ፣ ራስን መምራት።

ለአዋቂዎች ከሚሰጡት ቅጾች አንዱ በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ብሪፍ-ኤ ነው። 75 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚጠይቀውም ስላለፈው አንድ ወር ነው። ነጥቡ የሚነበበው ከሌሎች ሰዎች መልስ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ሶሻል ወርክ እንደሚማር ሰው እንዲህ ያለውን መጠይቅ አልቃወምም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ፈተናውን በደንብ ሠርቶ፣ ኑሮው ግን የተዘበራረቀበት ሰው አለ። ቶፕላክ፣ ዌስትና ስታኖቪች በ2013 ሃያ ጥናቶችን ገምግመው በፈተናና በመጠይቅ ውጤቶች መካከል ያገኙት መካከለኛ ዝምድና 0.19 ብቻ ነበር። ፍጹም ቢገጥሙ 1 ይሆን ነበር። ስለዚህ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። የምቃወመው ነጥቡ ብቻውን ፍርድ ሲሆን ነው።

አንደኛ፣ ያደግነው ገመናን ለባዕድ እንዳናወጣ እየተነገረን ነው። ጨዋ ልጅ ስለ ራሱ ችግር አያወራም። እንዲህ ያደገ ተማሪ «በጭራሽ» ላይ ምልክት አድርጎ ይወጣል፤ ነጥቡም «ችግር የለበትም» ይላል፤ የሚገባው እርዳታም ይቀርበታል።

ሁለተኛ፣ ተቃራኒውም ይደርሳል። ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ የቢቱዋሕ ለኡሚን ደብዳቤ ለወላጆቻችን አንብበናል፤ ኩፓት ሆሊም አብረን ሄደን አስተርጉመናል፤ ዛሬም ማታ ማታ እየሠራን እንማራለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የሦስት ሰው ጉዳይ የያዘ ሰው ቀጠሮ ቢረሳ የአእምሮ ችግር ነው ወይስ የሸክም ብዛት? ቅጹ ስንት ጊዜ እንደረሳ እንጂ ስንት ነገር እንደያዘ አይጠይቅም።

ወላጆቻችን የፈተና ወረቀት ሲያዩ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። እዚሁ ኢየሩሳሌም የሠራው ሬውቬን ፎየርስታይን (1921–2014) ልጅን አንዴ ፈትኖ ከመፈረጅ ይልቅ እያስተማሩ መመዘን ይሻላል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተሟግቷል። ዳቪድ ጹሪኤልና ባልደረባው በ1999 ባሳተሙት ጥናትም ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ፈተና ከእስራኤል ተወላጆች አንሰው ነበር፤ እየተመሩ ከተማሩ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። የመጀመሪያው ነጥብ የልጆቹ ችሎታ ልክ አልነበረም።

ሦስተኛው ጉዳይ ቃል ነው። ከነቢያት ጎዳና ታጥፎ ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ኤሊዔዘር ቤን-ይሁዳ ኖሯል። ለዕብራይስጥ የጎደሉትን ቃላት ሲፈጥር የኖረ ሰው ነው። በቤታችን አማርኛም ለዚህ ጉዳይ ቃል ጎድሎናል። ያሉን «ሰነፍ»፣ «ዝንጉ»፣ «ልበ ቢስ» ናቸው፤ ሁሉም ወቀሳ ናቸው። አንዳንድ ቅጽ በቅርብ ሰው የሚሞላ ክፍል አለው። እናት «ልጅሽ ሥራ ለመጀመር ይቸገራል?» ስትባል የምትሰማው «ልጅሽ ሰነፍ ነው?» የሚለውን ነው። «ኧረ ልጄ ጎበዝ ነው!» ብትል ማን ይፈርድባታል?

እንግዲህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መርማሪዎች ለእያንዳንዱ ከባድ መልስ ምሳሌ ይጠይቁ፤ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረና ተማሪው ቤት ውስጥ ምን እንደተሸከመ ይስሙ። ማኅበራችን ሽማግሌዎችን፣ አስተርጓሚዎችንና የሥነ ልቦና ተማሪዎችን ሰብስቦ ወቀሳ የሌለባቸውን የአማርኛ ቃላት ያዘጋጅ። ሥራው በአንድ ክረምት ይጀመራል። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ቅጹን በኩራትም በፍርሃትም አትሙሉት። «ብዙ ጊዜ» ስንት ጊዜ እንደሆነ ካልገባችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ጠይቁ። መርማሪው ሊመልስላችሁ ይገባል።