ባሕርን ከበረንዳ ማየት



በሐምሌ ወር በአንዱ እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ አሥራ ሁለት እህቶች ዶራ አደባባይ አጠገብ በተከራዩት ሚኒባስ ሲሳፈሩ «አባ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ይዋሉ» ብለው ጋበዙኝ። ድፎ ዳቦው በፎጣ ተጠቅልሏል፤ ጀበናውና ሲኒው በካርቶን ታሽጓል። ከጁኒዬ በቴሌፌሪክ ወደ ሐሪሳ ወጣን። እ.ኤ.አ. በ1908 በተመረቀው በሊባኖስ እመቤታችን ሐውልት ሥር ጸሎት አድርሰን የጁኒዬን ወሽመጥ ቁልቁል ተመለከትን። ከሰዓት በኋላም ወደ ጥንታዊቷ ጁበይል ሄደን፣ ከባሕሩ ዳር ባገኘነው ጥላ ሥር ቡና ተፈላ።

ከመካከላቸው አንዷ በሊባኖስ ሰባት ዓመት የኖረች ናት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። በኋላም «አባ፣ ይህን ባሕር ሰባት ዓመት ሙሉ ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ ልብስ ሳሰጣ አየው ነበር፤ ውሃው እንዲህ ሞቃት መሆኑን ግን ገና ዛሬ አወቅሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ደውላ ያጫወተችኝ ግን ሌላ ነው። በባሕሩ ዳር የተነሣችውን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ባወጣች በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ወንድሟ ከአገር ቤት «እኛ እዚህ በኑሮ ውድነት ስንቃጠል አንቺ ገንዘቡን በባሕር ዳር ትበትኛለሽ?» የሚል የድምፅ መልእክት ላከባት። እርሷም ፎቶግራፉን አጠፋችው። የዚያን ቀን ወጪዋ የመኪና ድርሻዋና የቴሌፌሪኩ ቲኬት ብቻ ነበር፤ የወሩን ገንዘብም ቀደም ብላ ልካለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ የወንድሟን ቃል እኔም በስብከት መልክ እደግመው ነበር። በዚህ አገር አገልግሎቴን በጀመርኩበት ዘመን፣ በበጋው ወራት የቤተ ክርስቲያኑ ወንበሮች ሲሳሱ እያየሁ «ባሕሩ ከእግዚአብሔር በለጠባችሁን?» ብዬ ገሥጬ አውቃለሁ። ዛሬ በዚያ ንግግሬ አፍራለሁ፤ የገሠጽሁት የማላውቀውን ድካም ነበርና። ስድስት ቀን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ሴት በሰባተኛው ቀን ያላት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች ጥቂት ሰዓት ማስቀደስ፣ ገንዘብ መላክ፣ ቤተሰብ ማነጋገር፣ ጸጉሯን መሠራትና በቋንቋዋ ከልብ የምትስቅበትን ጓደኛ ማግኘት ይጠበቅባታል።

ለብዙዎቹ ደግሞ ይህችም አልተፈቀደችም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንዲሰጥ ቢያዝም፣ የዕረፍቱን አጠቃቀም ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተወው። ፓስፖርቷ በማዳሟ መሳቢያ የተቆለፈባት ሴት በምን አቅሟ ትደራደራለች? ስለዚህ ለብዙዎች ዕረፍት ማለት በዚያው ቤት፣ ከኩሽናው አጠገብ ተቀምጦ መጠራትን መጠበቅ ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በዕረፍት ቀኗ ከአሠሪዋ ቤት እንድትቆይ ልትገደድ እንደማይገባ ይደነግጋል፤ ሊባኖስ ግን አላጸደቀችውም። በግል የባሕር መዝናኛዎች በር ላይ በመልካቸው የተመለሱ እህቶችም ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የቱሪዝም ሚኒስቴር በዘርና በዜግነት ማንንም እንዳይከለክሉ መመሪያ ማውጣቱ ራሱ የክልከላውን ስፋት ይመሰክራል።

እንግዲህ በሐሪሳ ተራራ ላይ ወሽመጡን የምታይ የቤት ሠራተኛ ቅንጦት ላይ አይደለችም። ኦሪት ዘዳግም በአምስተኛው ምዕራፉ ሰንበትን ሲያዝ፣ ወንድ አገልጋይና ሴት አገልጋይ ልክ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ በስም ጠርቶ ያዛል። ምክንያቱንም ይነግረናል፦ እስራኤል ራሱ በግብፅ አገር ባሪያ ነበረና። ዕረፍት ለአገልጋይ የሚጣል ፍርፋሪ ቢሆን ኖሮ በትእዛዛቱ መካከል ባልተጻፈም ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት የሰንበትን ዕረፍት ከሠራተኛው ክብር ጋር አያይዘው አስተምረዋል።

«ዕረፍቴን አገሬ ስገባ አርፋለሁ» የሚሉ እህቶች ብዙ ናቸው። ይህን ቃል አከብራለሁ፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ደመወዛቸውን በማዳማቸው እጅ ያጠራቀሙ ስንቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ! እ.ኤ.አ. በ2020 በቆንስላችን ደጃፍ በአሠሪዎቻቸው የተጣሉትን እናስታውስ። ለነገ የተቀጠረ ደስታ ሁሉ ነገን አያገኝም። ሰውነት ዕዳውን ያስከፍላል፤ በብቸኝነት የታመመ ልብም ለቤተሰብ የሚልከው ነገር እያጣ ይሄዳል።

ስለዚህ በአገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች ሆይ፣ የልጃችሁን ፈገግታ በሒሳብ አትመርምሩ። ከዚያ ፎቶግራፍ በስተጀርባ ያሉትን ስድስት ቀናት ማንም አላነሣቸውም። እኛ ካህናትም ሚኒባሱን የቅዳሴ ባላንጣ አናድርገው፤ ቅዳሴውን ለመንገዱ በሚመች ሰዓት ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው። እናንተ መውጣት የምትችሉ እህቶች ደግሞ መውጣት የማትችለውን አስቡ። በኮንትራት ያለችው ጓደኛችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኳን የምታነሣባት አንዲት ደቂቃ ብታገኝ፣ ከባሕሩ ዳር ሆናችሁ ደውሉላት፤ የማዕበሉን ድምፅ ታሰማ። ኢቃማ የሌላትም ፍተሻ ፈርታ ሩቅ መሄድ ካልቻለች፣ ጀበናውን ይዛችሁ እናንተ ወደ እርሷ ክፍል ሂዱ።

ለዚያች እህት በስልክ የመለስሁላት አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ፎቶግራፉን ወደ ቦታው መልሺው። ወንድምሽም ይለምደዋል»። እስካሁን አልመለሰችውም። ለመጪው ወር ጉዞ ግን ስሟን ከሁሉ ቀድማ አስመዝግባለች።

ሰንበታችሁ የዕረፍት ይሁንላችሁ።