የሞንማውዝ ስልክ ሲዘጋ

ኒው ጀርሲ የሚገኘው ሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ የአሜሪካ መራጮችን አስተያየት ሲመዝን የቆየውን ተቋሙን እንደሚዘጋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ነበር። ብዙዎች ተራ የግቢ ወሬ አድርገው አለፉት። እኔ ግን ከልቤ አዘንኩ።

ያሳዘነኝ በተለይ የ2021ዱ የኒው ጀርሲ አገረ ገዢ ምርጫ ትዝ ብሎኝ ነው። ምርጫው ሲቃረብ ሞንማውዝ ባወጣው ጥናት ዴሞክራቱ ፊል መርፊ በ11 ነጥብ ይመሩ ነበር። ድምፅ ሲቆጠር ግን ያሸነፉት በ3 ነጥብ ገደማ ብቻ ሆነ። የተቋሙ ዳይሬክተር ፓትሪክ ሙሬይ ሰበብ አልደረደሩም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በስማቸው ጋዜጣ ላይ ጻፉ፤ የተሸናፊውን የጃክ ቺያታሬሊን ወገንም ይቅርታ ጠየቁ። ምርጫ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ማን መራ፣ ማን ተከተለ እያሉ ቁጥር ማውጣት ለሕዝብ ይጠቅም እንደሆነም በግልጽ ጠየቁ። ይህን የመሰለ ኑዛዜ ከዕጩዎች የምርጫ ቡድን ሰምቼ አላውቅም። የምርጫ ቡድን ያስጠናውን ጥናት የሚያወጣው ሲመቸው ነው፤ ካልተመቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ግን የጠየቀውን ጥያቄ ቃል በቃል፣ ያናገረውን ሰው ብዛት፣ ያነጋገረበትን ቀን ለሁሉም ያሳያል። ስህተቱ የሚታወቀውም ስለዚህ ነው።

ሥራው ከባድ መሆኑን አልክድም። የፒው የጥናት ማዕከል በስልክ ሲጠይቅ በ1997 ከመቶ 36 ሰው ይመልስለት ነበር፤ በ2018 ወደ 6 ወረደ። በዚያ ላይ አንድ ሺህ ሰው ጠይቆ የተገኘ ውጤት ለእያንዳንዱ ዕጩ ወደ 3 ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እስከ 6 ሊዛነፍ ይችላል። «በ2 ነጥብ ይመራል» የሚለው ርዕስ ታዲያ ምን ነገረን? በ2016ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የማርኬት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥናት በዊስኮንሲን ግዛት ሂላሪ ክሊንተንን በ6 ነጥብ አስቀደመ፤ ትራምፕ ከ1 ነጥብ ባነሰ ልዩነት አሸነፉ። በኋላ ሲመረመር፣ በመጨረሻው ሳምንት ከወሰኑት የግዛቲቱ መራጮች ብዙዎቹ ወደ ትራምፕ አዘንብለው ተገኙ። ጥናቱ ሲወጣ እነዚህ ሰዎች ገና አልቆረጡም ነበር።

እኔ የምለው፣ ዩኒቨርሲቲዎች የትንበያውን ሩጫ ለሌላ ትተው ጥያቄውን ይቀጥሉ። ሰው የቤት ኪራይ እንዴት እንደከበደው፣ ፍርድ ቤቱን ምን ያህል እንደሚያምን፣ ለምን ሳይመርጥ እንደሚቀር በምርጫዎች መካከል ባሉት ጸጥ ያሉ ወራት ማን ይጠይቀዋል?

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አብዛኛው ጥናት የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ፣ ቢበዛ በስፓኒሽ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ ዜግነት ወስዳ በየምርጫው የምትሰለፍ እናት እንግሊዝኛው ካልሆነላት ቁጥሩ ውስጥ የለችም። ስልኩን አንስታ «ማን ልበል?» ስትል፣ በአማርኛ «እንደምን አደሩ እናቴ፣ አስተያየትዎን ልጠይቅዎት ነው» የሚላት ተማሪ ይቀጠርልን።