ሁለተኛው ቁልፍ የማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን እንደ ወትሮው የፍቅር ጣጣ አይደለም። ጓደኝነት ግን አለበት፤ ጥርጣሬም አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ማኪያቶውን ሳይቀምስ ፊቴ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ሰኞ ለአለቃዬ ልነግርበት ነው» አለኝ። የሚነግረው አብሮት በተማረ፣ ሥራውንም ባስገኘለት ጓደኛው ላይ ነው። ጓደኝየው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲለቅ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ለዚህኛው አስረክቦ ሄደ። ሰርቨሩ የሚሠራው ፍሪቢኤስዲ በሚባለው የዩኒክስ ዘመድ ነው።

ይህ ሲስተም በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ራሱን ይፈትሽና ሪፖርት ይልካል። (ላኪው «ቻርሊ ሩት» ይባላል፤ ሰው ግን አይደለም።) የኔ ሰው ሪፖርቱን አንብቦት አያውቅም ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ ሲፈታ አነበበው። «መለያ ቁጥራቸው ዜሮ የሆኑ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ስም፦ ሩት እና ቱር።

ላብ አጠመቀው። ሩት ስል የጎረቤታችሁን ልጅ እንዳታስቡ! በዩኒክስ ሰፈር ሩት የቤቱ ጌታ ነው፤ ሁሉን ይከፍታል፣ ሁሉን ያጠፋል። ሲስተሙ ደግሞ የሚያየው ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ስሙ ማንም ይሁን ማን ጌታ ነው። ቱር ማለት ደግሞ ሩት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደሉ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። እውነት ለመናገር ሌባ የቀለደ ይመስላል።

«ቁልፍ አስቀርቶ ነው የሄደው!»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አዘንኩ። ቱርን ማንም አልፈጠረውም፤ ፍሪቢኤስዲ ሲጫን አብሮት የሚመጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሩት ሆኖ ሲገባም የለመደውን ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ለምሳሌ ባሽን። ባሽ ግን እዚያ ቤት ከውጭ የሚጨመር እንግዳ ነው። እንግዳው የታመመ ቀን ሩት ራሱ ደጅ ያድራል። ስለዚህ የሩትን ሼል እንዳለ ተዉት፣ አምሮታችሁን በቱር ተወጡ ነው ነገሩ። ወይም ቱርን ለክፉ ቀን አስቀምጡት።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በጉብዝናዬ ወራት የሩትን ሼል ወደ ባሽ ቀይሬ፣ ባሽን ሳድስ አንድ ነገር ጎደለው። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ግን ገና ስገባ መልሶ ይተፋኛል። ማሽኑ ያለው ከተማው ሌላ ዳር ነው። በዝናብ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ፤ አጥፍቼ አስነሳሁት፤ አንድ ሰው ብቻ በሚገባበት የጥገና በር ገብቼ አስተካከልኩት። ለቱር ቀድሜ ፓስወርድ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ከአልጋዬ ሳልወርድ በጨረስኩት!

«ታዲያ ጓደኛዬ በሱ አይገባም?» አለኝ ልጁ፣ አሁንም አላመነም።

«ዋናውን የፓስወርድ መዝገብ ክፈት። በቱር መስመር ላይ ኮከብ ብቻ ካለ በፓስወርድ ማንም አይገባበትም» አልኩት። ላፕቶፑን አወጣ፤ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ጠፍቶ የማታውቁት ነገር ከተተካ፣ ወይም ዜሮ ቁጥር የያዘ ሦስተኛ ስም ብቅ ካለ ግን አትተኙ፤ ሰርጎ ገቦች በእርግጥ እንዲህ ያደርጋሉ። እንደ ኡቡንቱ ባሉት ሊኑክሶች ላይም ቱር አብሮ አይመጣም፤ እዚያ ካገኛችሁት «ማን ጨመረህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ እኔ ጠየቅኩት፤ «ማሽኑን ስትረከብ የሩትን ፓስወርድ ቀይረሃል?»

ዝም።

አልቀየረም። ጓደኝየው የዋናውን በር ቁልፍ እስከ ዛሬ ያውቀዋል ማለት ነው፤ የጠፋ ነገር ግን የለም። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ቀየረው። ማኪያቶው በረዶ ሆኗል።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደውል ስልኩን አላነሳሁለትም» አለኝ ቆይቶ። «አሁን ምን ብዬ ልደውል?»

«ማኪያቶ ልጋብዝህ በለው» አልኩት። የኔንም ሒሳብ ከፍሎ ወጣ፤ በር ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ አየሁት።